አጥብቀን ስናተኩር ዓይናችን ምን ያያል? ምንስ ይስታል?

ሸሚዙ ሰማያዊ ነበር። ኮሌታውን ገልብጬ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ስፌት እንዳለ ቆጠርኩ። የእጅጌውን መጋጠሚያ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር ቆረጥኩ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጌ ጥንካሬያቸውን አየሁ። ከዚያም ማለፉን የሚያሳየውን ምልክት ለጥፌ ወደሚቀጥለው ዞርኩ። ከጎኔ የቆመችው የመስመሩ ኃላፊ ሸሚዙን አነሳች፣ በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ “እኅቴ፣ ኪሱስ?” አለችኝ። ሸሚዙ የደረት ኪስ ሊኖረው ይገባ ነበር። የለውም።

ተዘናግቼ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያን ያህል ባልቆጨኝ። ያን ዕለት ግን ልቤን ሰብስቤ ነበር የምሠራው፤ ስፌቱን አንድም ሳልስት ቆጥሬአለሁ። ኪሱ ያመለጠኝ ከትኩረቴ ብዛት የተነሳ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አሁን ሐዋሳ ውስጥ አዳዲስ የጥራት ተቆጣጣሪዎችን ሳሠለጥን፣ ሜትርና መቀስ ከማስያዜ በፊት ዓይን ሲያተኩር ምን እንደሚሆን በራሳቸው ላይ እንዲሞክሩት አደርጋለሁ። ሰው አጥብቆ ባተኮረ ቁጥር የሚያየው ነገር ይጠራለታል፤ ዋጋው ግን ከዙሪያው ይከፈላል። ይህን በቃል ብነግራቸው ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። በራሱ ዓይን ያየው ሰው ግን አሠራሩን ይለውጣል።

መመሪያው ለልብስ ሥራ ሰው ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ፣ ሒሳብ የሚያስታርቅ የባንክ ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ልጆቹን ይዞ ሐይቅ ዳር የሚወርድ ወላጅ ሁሉ ይጠቀምበታል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ነጭ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ሰዓትና የሚያግዛችሁ ሰው ያስፈልጋሉ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አድርጉት። የቤቱን ሙከራ ጠዋት፣ ዓይናችሁ ሳይደክም ሥሩት። ወደ ሐይቁም ጠዋት ውረዱ፤ ከተማችን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ከውኃው ላይ እያንጸባረቀች ዓይን ታጥበረብራለች። ፀሐይን በቀጥታ ማየት በየትኛውም ሙከራ ውስጥ የለም። መኪና፣ ባጃጅ ወይም ብስክሌት እየነዱ ከእነዚህ አንዱንም መሞከር አይገባም።

ደረጃ 1፦ ጥርት ብሎ የሚታያችሁን ስፋት ለኩ

ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጉ። ፊት ለፊታችሁ ካለው ሰፊ እይታ መካከል በእውነት ጥርት ብሎ የሚታያችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር የሚያህል ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። በዓይን ጀርባ የተነጠፈው ሬቲና መሃሉ ላይ ቀለምንና ረቂቅ ቅርጽን የሚለዩ ሴሎች ጥቅጥቅ ብለው ይገኛሉ፤ ከመሃል እየራቁ ሲሄዱ ግን እየሳሱ ይመጣሉ።

ካላመናችሁ ጋዜጣ አንሱ። አንድ መስመር መካከል ያለ ቃል ላይ ጣታችሁን አሳርፉና ዓይናችሁን ከዚያ ቃል ሳታነሱ በስተ ቀኝ ያሉትን ቃላት ለማንበብ ሞክሩ። አጋዣችሁ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይናችሁ እንዳይሾልክ ይጠብቅ፤ መሹለኩ አይቀርም። አንድ ምናልባትም ሁለት ቃል ታነባላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ፊደል መሆኑ እየታወቀ የማይነበብ ጥቁር ነገር ይሆናል።

ታዲያ ዓለም ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታየን ለምን ይመስለናል? ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘልና አእምሮ ቁርጥራጩን ስለሚሰፋው ነው። ስፌቱ እጅግ ጥሩ ስለሆነ መገጣጠሚያው አይታይም።

ደረጃ 2፦ ምንም የማታዩበትን ቦታ አግኙ

ይህን ቶሎ ሠርታችሁ እለፉት፤ ኋላ ስለ ዓይን ሕክምና ስናነሳ ይጠቅመናል። ወረቀቱ ላይ በግራ በኩል የመደመር ምልክት፣ ከሱ 8 ሴንቲ ሜትር በስተ ቀኝ ጥቁር ክብ ሥሩ። ግራ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ በቀኝ ዓይናችሁ ምልክቱን ብቻ እዩ፣ ወረቀቱንም ከሩቅ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊታችሁ አቅርቡ። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ክቡ ይጠፋል። የእይታ ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን ተቀባይ ሴል የለም። ፈረንሳዊው ኤድም ማሪዮት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው ነገር ነው። ልብ በሉ፤ ክቡ ሲጠፋ በቦታው ጥቁር ቀዳዳ አይታይም። ነጭ ወረቀት ነው የሚታየው። አእምሮ የጎደለውን ከጎረቤቱ እየቀዳ ይሞላል፣ መሙላቱንም አይነግረንም።

ደረጃ 3፦ ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ ትኩረታችሁን አንቀሳቅሱ

ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ፊት ተቀመጡ። ሲኒዎቹ ተደርድረዋል እንበል። ዓይናችሁን መሃል ላይ ባለው ሲኒ ጆሮ ላይ ትከሉትና እዚያው አቆዩት። አሁን ዓይናችሁ ሳይነቃነቅ በግራ ጫፍ ያለውን ሲኒ በልባችሁ እዩት። ወገቡ ላይ የዞረው ወርቃማ መስመር አንድ ነው ወይስ ሁለት? ቀስ ብሎ ይመጣላችኋል። ከዚያ ትኩረታችሁን ወደ ቀኝ ጫፍ አሻግሩት፤ የግራው ሲኒ ወደ ነበረበት ድብዝዝታ ይመለሳል። ዓይናችሁ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከመሃሉ ሲኒ አልተነሳም።

ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን በጨለማ ሣጥን ውስጥ ሞክሮታል። ፊደላት የተጻፉበትን ገጽ በቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያበራል፤ ብልጭታው ዓይን ለማዞር የማይበቃ አጭር ነው። ቢሆንም ትኩረቱን አስቀድሞ ወደ መረጠው ጥግ ካዞረ፣ ማየት የሚችለው የዚያን ጥግ ፊደላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ማሪሳ ካራስኮና ባልደረቦቿ ትኩረት ያረፈበት ምስል ከእውነተኛው ይልቅ ደመቅ ብሎ እንደሚታይ አሳይተዋል። ያም ማለት ትኩረት አስቀድሞ የታየውን ነገር ከመምረጥ አልፎ መልኩንም ይነካል።

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ዓይንና ትኩረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልቀመሰ ሰው ደረጃ 6 ላይ ሲደርስ “ዓይኔ እኮ እዚያው ነበር” እያለ ይከራከራል።

ደረጃ 4፦ አንድ ነጥብ ላይ ፈዛችሁ ቆዩ

በወረቀቱ መሃል ደመቅ ያለ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ከነጥቡ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ አጥቁሩ፤ ያንን በጣታችሁ አሹትና ጠርዙ የማይታወቅ የጢስ ጠባሳ አስመስሉት። ወረቀቱን በሚመቻችሁ የንባብ ርቀት ያዙ፣ ነጥቡን ብቻ እያያችሁ ሰዓት ያዙ። ዓይን አታርገብግቡ ማለቴ አይደለም፤ ማርገብገቡን ቀንሱ እንጂ እንባ እስኪወርዳችሁ አትታገሉ። በ20 ወይም በ30 ሰከንድ ውስጥ ጠባሳው ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ጨርሶም ይጠፋል። ዓይናችሁን ትንሽ ስታነቃንቁ ወዲያው ይመለሳል።

ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ኢግናዝ ትሮክስለር ይህን የገለጸው በ1804 ነው። የእይታ ነርቮች የሚነቁት በለውጥ ነው፤ ሳይለወጥ የቆየን ነገር ቀስ በቀስ መዘገባቸውን ያቆማሉ። በዘወትር ኑሯችን ይህ የማይታወቀን ዓይናችን አንድ ቦታ ያረፈ ሲመስለን እንኳ በጣም ጥቃቅን በሆነ እንቅስቃሴ ስለሚርገበገብ ነው። ጠርዙ የደበዘዘ ነገር ሲሆን ያ ጥቂት እንቅስቃሴ ለማደስ አይበቃውም።

ሐይቁ ላይ ይህን ማየት ደስ ይላል። ጠዋት ጉም ቢጤ ውኃው ላይ ሲተኛ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ተቀመጡና ራቅ ብላ የቆመች አንዲት ጀልባ ላይ ዓይናችሁን ትከሉ። ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ግራጫ ሆነው ከሰማዩ ጋር እየተቀላቀሉ ይሄዳሉ፤ ጀልባዋ ብቻዋን በባዶ ነገር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። አንድ ወፍ ሲያልፍ ዓይናችሁ ይከተለዋል፣ ተራራው ሁሉ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በደብዛዛ ብርሃን መስተዋት ፊት ቆሞ የገዛ ዓይኑን ለደቂቃዎች የተመለከተ ሰው ፊቱ ሲዛባ፣ የሌላ ሰው ፊት ሲመስል ሊያይ ይችላል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ካፑቶ ይህን በ2010 በጥናት አሳትሞታል፤ በጤነኛ ሰዎች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ለረጅም ሰዓት በሻማ ብርሃን አንድ ሥዕል ላይ ዓይናቸውን ተክለው የቆዩ ሰዎችም ጠርዙ ሲጠፋ፣ ቅርጹ ሲንቀሳቀስ ሊያዩ ይችላሉ። ስለ እምነት የምለው የለኝም። ነገር ግን መስተዋት አይታ ደንግጣ “ምን ለከፈኝ?” ብላ ለቀናት እንቅልፍ ያጣች ልጅ አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ቀደም ብሎ የዓይን ጠባይ መሆኑን ቢነግራት ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት ባልደረሰባት። የመስተዋቱን ሙከራ ልጆችና ከዚህ በፊት የሌለ ነገር እየታያቸው ሕክምና የወሰዱ ሰዎች አያድርጉት።

ደረጃ 5፦ የቆመ ነገር ሲንቀሳቀስ እዩ

እኛ ጋ ጥቅል ጨርቅ የሚፈተሸው ከኋላው ብርሃን በበራበት ሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች እየተሳበ ነው። ጥቂት ደቂቃ አፍጥጣችሁ ስትቆዩና ማሽኑ በድንገት ሲቆም፣ የቆመው ጨርቅ ወደ ላይ ሲሳብ ይታያችኋል። አዲስ ሠልጣኝ ጨርቁን በእጁ ሊይዝ የሚሞክረው በዚህ ጊዜ ነው። ማሽን የሌላችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ አውቶቡስ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ መንገዱን እያያችሁ ቆዩ። አውቶቡሱ ሲቆም ፊት ለፊት ያለው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስላል። ራስ ማዞር የሚቀናችሁ ከሆነ ወዲያው ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ሮበርት አዳምስ በ1834 ስኮትላንድ ውስጥ ፎየርስ በተባለ ፏፏቴ ይህንኑ አይቶ ጽፏል፤ ውኃውን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ አጠገቡ ያለው ቋጥኝ ወደ ላይ ሲወጣ ታየው። ወደ ታች የሚሄደውን የሚመዘግቡት የነርቭ ሴሎች ሲደክሙ ተቃራኒዎቻቸው ሚዛኑን ይወስዳሉ።

ከርዕሳችን ጋር የሚያገናኘው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሙከራውን ሁለተኛ ጊዜ ስትደግሙት መስኮቱ ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፉና ዓይናችሁን እዚያ ላይ አድርጋችሁ ከ300 ወደ ኋላ በ7 እየቀነሳችሁ ቁጠሩ። አውቶቡሱ ሲቆም የሚታያችሁን ሽሽት ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሩት። አቪ ቻውዱሪ በ1990 እንዳሳየው፣ እንቅስቃሴው ያው ሆኖ ሰው ትኩረቱን በሌላ ከባድ ሥራ ላይ ሲያደርግ የኋላ ውጤቱ ይቀንሳል። ዓይን ተመሳሳይ ነገር ገብቶለታል፤ ነርቮቹ የደከሙት ግን ልብ በተሰጠው መጠን ነው።

ደረጃ 6፦ አሞራ ገደል፣ ዓሣውና ጥላው

ጊዜያችሁን ሁሉ ለዚህ ብትሰጡት አይበዛበትም።

ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ተመልካች፣ አንዱ አደራጅ፣ አንዱ አላፊ። ተመልካቹ የሙከራውን ዓላማ ማወቅ የለበትም። ጠዋት ጀልባዎቹ ከገቡ በኋላ አሞራ ገደል ወዳለው የዓሣ ገበያ ውረዱ። ዓሣ የሚያዘጋጀውን ልጅ “ወንድሜ፣ ቆሮሶ አዘጋጅልን፤ ሥራህንም ቆመን ብናይ ቅር ይልሃል?” ብላችሁ አስፈቅዱ። ዓሣውን ግዙ፤ የሰውን ሥራ በነፃ ለሙከራ ማዋል ነውር ነው።

ለተመልካቹ እንዲህ በሉት፦ “ሦስት ዓሣ ያዘጋጃል። ቢላው ስንት ጊዜ ወደ ጭራው እንደሚሄድና ዓሣውን ስንት ጊዜ እንደሚገለብጠው ለየብቻ ቁጠር። ሁለቱን ቁጥር እንዳታቀላቅል።” የልጆቹ እጅ ፈጣን ነው። ቅርፊቱ በሁሉም አቅጣጫ ይረጫል፣ ቢላው ከጀርባ አጥንቱ ጎን ገብቶ በአንድ ስበት ሥጋውን ይለያል፣ ወዲያው ገልብጦ በሌላው ጎን ይደግመዋል። መቁጠሩ የምር ከባድ ነው፤ ከባድ መሆንም አለበት። ሁለተኛው ዓሣ መሃል ላይ አላፊው የተዘረጋ ቀይ ጥላ ይዞ ከልጁ ኋላ፣ ለተመልካቹ በግልጽ በሚታይበት ቦታ፣ ሳይሮጥ ይለፍ።

ሲያልቅ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ጠይቁ። ቀጥሎ “ሌላ ያየኸው ነገር አለ?” በሉ። ወዲያው “ጥላ አይተሃል?” ካላችሁት ሙከራው ተበላሸ፤ ሰው የተጠየቀውን ያየ ይመስለዋል። በመጨረሻ ብቻ ስለ ጥላው ጠይቁ። ከሠልጣኞቼ አንዷ ሁለቱንም ቁጥር አንድም ሳታዛንፍ ነገረችኝ። ስለ ጥላው ስጠይቃት፣ “እትዬ፣ የምን ጥላ?” አለችኝ። ጥላው ከኋላዋ ተዘርግቶ ቆሞ ነበር። ዞራ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አጽናናኋት፤ ስለ ሰማያዊው ሸሚዝም የነገርኳት ያን ጊዜ ነው።

ጥላ የሚይዝ ሰው ካላገኛችሁ አባ ኮዳዎቹ ይበቃሉ። ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ወፍ በቆጣሪው ፊት አልፎ የወደቀ አንጀት ለቅሞ ይሄዳል። ስንት እንዳለፉ አደራጁ ይመዝግብ። ተመልካቹ “ወፎች ነበሩ” ይላችኋል፤ ሐዋሳ ስለሆነ መኖራቸውን ያውቃላ። ስንት እንደነበሩ፣ አንዱ ክንፉን ዘርግቶ እንደነበር ስትጠይቁት ነው ማወቅና ማየት የሚለያዩት።

ጥላው ከአሜሪካዊው ኡልሪክ ናይሰር የተወሰደ ነው፤ በ1970ዎቹ ኳስ ቅብብል በሚቆጥሩ ተመልካቾች ፊት ጥላ የያዘች ሴት በፊልም አሳልፏል። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ በ1999 ሴቲቱን በጎሪላ ልብስ ተክተው ሲደግሙት ጎሪላው መሃል ላይ ቆሞ ደረቱን ቢመታም ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። በ2013 ደግሞ ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ 24 የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች በሳንባ ምስል ላይ ትናንሽ እብጠቶችን እንዲፈልጉ አደረጉ፤ በመጨረሻው ምስል ውስጥ የጎሪላ ሥዕል ነበር፣ ስፋቱ ከአማካይ እብጠት 48 እጥፍ። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይን እንቅስቃሴያቸው ሲመዘገብ፣ ካላዩት አብዛኞቹ ዓይናቸው ቀጥታ ጎሪላው ያለበት ቦታ ላይ አርፎ ነበር። እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለሸሚዙ የነበረብኝ የጥፋተኝነት ስሜት ከላዬ ወረደ። ለዕድሜ ልካቸው ማየትን የተማሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ሙከራውን በሌላ ተመልካች ድገሙት፤ በዚህ ጊዜ ግን ስንት ዓሣ እንደተዘጋጀ ብቻ ይቁጠር። ጥላውን የማየት ዕድሉ ብዙ ነው። ኒሊ ላቪ ከ1995 ጀምሮ ስታስረዳ እንደቆየችው፣ ዋናው ሥራ የእይታ አቅማችንን ሙሉ በሙሉ ሲወስደው ለዙሪያው የሚተርፍ የለም፤ ሥራው ሲቀል ትርፉ ሳንጠራው ወደ ዙሪያው ይፈስሳል። ሌላም ነገር አለ። በጎሪላው ሙከራ ነጭ የለበሱትን የቆጠሩት ጥቁሩን ጎሪላ ይበልጥ ስተውታል፤ ጥቁር የለበሱትን የቆጠሩት ግን የተሻለ አይተውታል። ነጭ ክር የሚፈልግ ዓይን ጥቁር የዘይት ጠብታን ያልፈዋል ማለት ነው። ሥራዬን የለወጠው ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ አጋዣችሁ ዓይናችሁን ይመልከት

ከመስኮት በጎን በሚገባ ብርሃን አጠገብ ተቀመጡ። የብዙዎቻችን ዓይን ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ብሌኑ ከዙሪያው ጋር ይቀላቀላል፤ የጎን ብርሃን ካላገኛችሁ ለውጡ አይታይም። አንድ ቦታ እያያችሁ አጋዣችሁ “17 በ14 ሲባዛ?” ብሎ ይጠይቃችሁ። በቃላችሁ ስታሰሉ ብሌናችሁ ሲሰፋ፣ መልሱን ስትናገሩ ሲጠብ ያያል። ኤክሃርድ ሄስና ጄምስ ፖልት በ1964 ጥያቄው በከበደ መጠን ብሌን እንደሚሰፋ ለክተዋል። ብርሃኑ ሳይለወጥ በሐሳብ ብቻ የሚሆን ለውጥ ነው።

እግረ መንገዱን ማርገብገባችሁን ይቁጠር። ስንጫወት በደቂቃ 15 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እናርገበግባለን፤ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ስናነብ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ከሰዓት በኋላ የሚደርሰው ማቃጠልና መደብዘዝ ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ማየትና አውቆ ሙሉ በሙሉ እየጨፈኑ ማርገብገብ ይረዳል። ታቦር ተራራ ከመስኮቱ የሚታየው ሰው ታድሏል።

ወደ ሥራ ስትመለሱ

እኔ አሁን ሸሚዝ የማየው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክንዴን ዘርግቼ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አነሳለሁ፤ ሦስት ሰከንድ፣ ምንም ሳልፈልግ፣ ናሙናው ከተሰቀለበት ጎን አድርጌ። ኪስ፣ እጅጌ፣ የቀለም ልዩነት፣ የተገለበጠ ነገር የሚገኘው እዚህ ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስፌቱን ብቻ እፈትሻለሁ። ቀጥሎ እድፍን ብቻ። ሁሉንም በአንድ ዙር ለማየት መሞከር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ተመላሽ ሸሚዝ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ይበላዋል። በመጨረሻ ምልክቱን ከመለጠፌ በፊት እንደገና ክንዴን ዘርግቼ አየዋለሁ። ዛሬ የዘይት ጠብታ ብዙ ካገኘሁ፣ ዓይኔ ጥቁር ነገር ብቻ ፈላጊ ሆኗልና ከጎኔ ካለችው ጋር ቦታ እለዋወጣለሁ።

ሒሳብ የምታስታርቁ፣ ድምሩን ከማየታችሁ በፊት ገጹን ገፋ አድርጋችሁ ቀኑና የደንበኛው ስም ትክክል መሆኑን እዩ፤ ቁጥር ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ስም አይታያችሁም። ተማሪዎች፣ ፈተና ሲሰጣችሁ መመሪያውንና የገጹን ብዛት ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ተመልከቱ። የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ያለው ጥያቄ ሳይሠራ የሚቀረው ጎበዝ ተማሪ ላይ ነው።

ለሾፌሮች፦ ስልኩ በጆሮ ማዳመጫ ቢሆንም ትኩረቱን ወስዶታል። የዴቪድ ስትሬየር ጥናቶች እጅ ነፃ ሆኖ በስልክ የሚያወሩ ሾፌሮች ዓይናቸው ያረፈበትን ነገር እንኳ ኋላ እንደማያስታውሱት አሳይተዋል። ገብርኤል አደባባይ ላይ እግረኛው፣ ብስክሌቱና ባጃጁ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጡት። አቁማችሁ አውሩ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ከላይ የተገለጸው ሁሉ ዓይን ሲነቃነቅ ወይም ጥቂት ሲያርፍ ይለቃል። የማይለቅ ጥላ፣ በአንድ ዓይን ላይ እንደ መጋረጃ የወረደ ጨለማ፣ ድንገተኛ ብልጭታ ወይም ብዙ ተንሳፋፊ ነጠብጣብ ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሕክምና ሂዱ። ደረጃ 2 ላይ አእምሮ የጎደለውን እንደሚሞላ አይታችኋል፤ ግላኮማ የሚባለው በሽታ የዳር እይታን ሲበላ ብዙ ሰው ሳይታወቀው የሚቆየው ከዚህ የተነሳ ነው። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ወይም በቤተሰባችሁ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ፣ ምንም ባይሰማችሁም ተመርመሩ።

ልጆች ይዛችሁ ሐይቅ ዳር ወይም መዋኛ ገንዳ የምትወርዱ ሰዎች ደግሞ ይህን አድርጉ። እየሰጠመ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያወናጭፍም፤ ዓይናችሁ ወደሱ እያየ እንኳ ልባችሁ ጨዋታ ላይ ከሆነ ሊያልፋችሁ ይችላል። አምስት አዋቂ ተቀምጦ ሁሉም “እያየሁ ነው” ከሚል፣ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። ሥራው ልጆቹን መቁጠር ብቻ ይሁን፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓይኑን እያመላለሰ፣ አንዱ ላይ ሳይፈዝ። በየ15 ደቂቃው ይተካ። ተረኛው ከመቀመጡ በፊት ስልኩን ለሌላው ይስጥ።